«ብርቱካን» ለማለት

ይህ ጽሑፍ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ለወላጆችና ለመምህራን ያደረግኩት ንግግር ነው። ቃል በቃል አይደለም። እያንዳንዷን መንተባተቤን ብጽፋት ኖሮ እጥፍ ይረዝም ነበር።

እንደምን አደራችሁ።

አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። እንተባተባለሁ። ሥራዬ ደግሞ የንግግር ሕክምና ነው፤ ብዙ ሰው «ስፒች ቴራፒ» የሚለው። አዎ፣ መላጣ ፀጉር አስተካካይ እንደማለት ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። መሃል ላይ አንዱ ቃል ከያዘኝ ግን አትጨነቁልኝ። ቃሉንም አትጨርሱልኝ። ይመጣል።

እናንተም አንድ ነገር አድርጉልኝ። ሁላችሁም ቀስ ብላችሁ «ብርቱካን» በሉ። አንዴ ድገሙት። አሁን አፋችሁ ውስጥ የሚሆነውን ልብ በሉ።

«ብ» ስትሉ ሁለቱ ከንፈሮች ይገጥማሉ፤ ጉሮሮ ውስጥ ያሉት የድምፅ አውታሮች ይርገበገባሉ። «ር» ላይ የምላስ ጫፍ ወደ ላይ ብሎ ይንቀጠቀጣል። «ቱ» ላይ ያው ጫፍ ከላይኛው ድድ ጋር ይጣበቃል፣ የድምፅ አውታሮቹ ለቅጽበት ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ከንፈር ይሾላል። «ካ» ላይ የምላስ ጀርባ ተነስቶ ላንቃን ይነካና አፍ ይከፈታል። «ን» ላይ ደግሞ ለስላሳው ላንቃ ዝቅ ይልና አየሩ በአፍንጫ ይወጣል። እስቲ አፍንጫችሁን ጥብቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ «ን...» በሉ። እምቢ አለ አይደል?

ይህ ሁሉ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ያልቃል። ከሆድ እስከ ከንፈር ወደ 100 የሚጠጉ ጡንቻዎች ተራቸውን ጠብቀው ይሠራሉ። ተራ የሚያስይዛቸው አንጎል ነው። አንጎልም ቃሉን ከሰማይ አላገኘውም፤ አንድ ቀን ጆሮ ሰምቶ ነው ያቀበለው።

የንግግር ችግር ማለት እዚህ መስመር ላይ የሆነ ቦታ አንድ ነገር ተደናቀፈ ማለት ነው። የት ቦታ? ጥያቄው ይኼ ነው። ሰው ግን አይጠይቀውም። ልጁን ይዞ ይመጣና «ምላሱን እይልኝ» ይለኛል። ምላስ ከፊት ስላለ ነው መሰለኝ፣ ጥፋቱ ሁሉ በእሱ ይላከካል። ሙሴ እንኳ ወደ ፈርዖን ሂድ ሲባል ያመካኘው በምላሱ ነው። ቁርኣን ላይም የምላሴን ቋጠሮ ፍታልኝ ብሎ ይለምናል። እኔ ጋ ከመጡት ልጆች መካከል ግን ምላሳቸው ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ምላስን ከመጠርጠር መቁረጥ ይመጣል። ከምላስ ሥር ያለችው ቀጭን ጅማት ትቆረጥ የሚል አለ። አንዳንዴ እውነትም አጭር ሆና ምላስን የምትይዝ አለች። ያኔ ሐኪም አይቶ ይወስናል። ብዙውን ጊዜ የምታስቸግረውም ጡት ሲጠባ እንጂ ሲያወራ አይደለም። እንጥል ማስቆረጥ ግን ሌላ ጣጣ ነው። የሚቆረጠው በአብዛኛው ለጉሮሮ ሕመም ተብሎ ነው። በምላጭ! ደሙ አልቆም ብሎ፣ ቁስሉ አመርቅዞ የተጎዱ ልጆች አሉ። እንጥል የለስላሳው ላንቃ ጫፍ ናት። ከእሷ ጋር ላንቃው ከተነካ አየሩ በአፍንጫ ማምለጥ ሊጀምር ይችላል። ለጉሮሮ ብለው ንግግሩን ያበላሹታል ማለት ነው።

እሺ፣ ከጆሮ እንነሳ።

«ሦስት ዓመት ሞላው፣ አንድ ቃል የለም» ትለኛለች እናት። አያት ከጎኗ ሆነው «አባቱም እንዲሁ ነበር፤ ወንድ ልጅ ቆይቶ ነው አፉን የሚፈታ» ይላሉ። አፍ መፍታት የሚለው አነጋገራችን ደስ ይለኛል። እንደ ቋጠሮ። አያትም ሁልጊዜ አይሳሳቱም፤ ቆይተው ጀምረው እኩዮቻቸው ላይ የሚደርሱ ልጆች አሉ። ግን በ1 ዓመት አካባቢ የመጀመሪያው ቃል፣ በ2 ዓመት ደግሞ ሁለት ቃል ማጋጠም ይጠበቃል፤ «እማ ነይ»፣ «ውሃ ስጪኝ»። ይህ ካልመጣ ቀዳሚው ሥራ ጆሮ ማስመርመር ነው።

«ኧረ ይሰማል! በር ሲንኳኳ ይዞራል።» ይህን ስንቴ እንደሰማሁት። የበር ድምፅ ወፍራም ነው። «ሰ» እና «ፈ» ስስ ድምፆች ናቸው። ልጁ ወፍራሙን ሰምቶ ስሱን ሳይሰማ ሊያድግ ይችላል። ለእሱ የእናቱ ወሬ ግማሹ ፊደል የተፋቀ ደብዳቤ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ላይ ነው «ብርቱካን»ን ተማር የምንለው።

ጆሮን የሚጎዳው ብዙ ነገር ነው። ማጅራት ገትር አለ። ሳይታከም የከረመ የጆሮ መግል አለ። አራስ እያለ የነበረ ከባድ ቢጫነት አለ። እንደ ጀንታማይሲን ያሉ መድኃኒቶችም አንዳንዴ ይጎዳሉ። በዘር የሚመጣም አለ። ሰፈርተኛው ግን ልጁን «ዲዳ» ብሎ ይገላገላል። የልጁ የድምፅ አውታር ጤነኛ ነው። ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ ይጮኻል። ያልሰማውን ነው መናገር ያቃተው። በእጁ ቋንቋ ከተሰጠው ደግሞ ያወራል፤ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው።

ጆሮው ጤነኛ ሆኖ የማያወራም አለ። በስሙ ሲጠሩት አይዞርም። የሚፈልገውን በጣቱ አይጠቁምም፤ እጃችሁን ይዞ ይወስዳችኋል። እንዲህ ሲሆን ኦቲዝም ይታሰባል፤ ከሕፃንነት ጀምሮ ያለ የአንጎል ዕድገት ልዩነት ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በራሳቸው ልጅ ምክንያት ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ እስኪከፍቱ ድረስ፣ ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ልጅ ከእንግዳ ይደብቀው ነበር። አሁንም የሚደብቅ አለ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ጎረቤት «ምን አድርገው ይሆን?» ሲል የሚሰማው ሰው ምን ያድርግ?

ውጭ አገር ላላችሁ ዘመዶቻችሁም አንድ መልእክት አድርሱልኝ። ከሜሪላንድ የሚደውሉልኝ እናቶች አሉ። ልጁ ሲዘገይ «ሁለት ቋንቋ አምታትቶበት ነው፤ አማርኛውን ተዉት» የሚል ምክር ይሰማሉ። ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም። የሚዘገይ ልጅ በአንድም ቋንቋ ይዘገያል፣ በሁለትም ይዘገያል። እናቱ አማርኛውን ብትተው የሚቀርበት አያቱን ማናገር ነው።

ወደ ብርቱካናችን ልመለስ። የ3 ዓመት ልጅ «ቢቱታን» ቢል ደስ ይበላችሁ። «ር»ን ዘሏታል፤ ከባድ ናት፣ ዘግይተው ከሚመጡት ድምፆች አንዷ ናት። «ካ»ን «ታ» አድርጓል፤ በምላስ ጀርባ መሥራት ስላልለመደ በጫፉ ሠራው። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ልምምድ ነው። 4 ዓመት አልፎት ባዕድ ሰው ወሬውን የማይረዳው ከሆነ ግን ያኔ ኑ። ደግሞ እባካችሁ እንግዳ ፊት «እስቲ ብርቱካን በል» እያላችሁ አታስቁበት። ልጅ መሳቅና መሳለቅን ለመለየት ጊዜ አይፈጅበትም።

አሁን ደግሞ ላንቃው የተሰነጠቀ ልጅ «ብርቱካን» ሲል አስቡ። «ብ» ለማለት አየር አፍ ውስጥ መታመቅ አለበት። የእሱ አየር በስንጥቁ ወደ አፍንጫ ይሄዳል። «ብ» ትልና «ም» ትሆናለች። ምላሱ ግን ቦታውን አልሳተም። በዓለም ላይ ከ700 ሕፃናት አንዱ ገደማ ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ ይወለዳል። ፅንሱ ገና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እያለ ከግራና ከቀኝ መጥተው መገጣጠም የነበረባቸው ክፍሎች ሳይገጣጠሙ ይቀራሉ። ዘር ይኖርበታል፣ የፎሊክ አሲድ እጥረት፣ ሲጋራና አልኮል፣ አንዳንድ መድኃኒትም ድርሻ አላቸው። እናት ስለደነገጠች ወይም ስለተረገመች አይደለም። ደስ የሚለው ነገር ይህ በቀዶ ጥገና ይስተካከላል። እንደ ስማይል ትሬን ያሉ ድርጅቶች ወጪውን ስለሚሸፍኑ እዚህ አገር በነፃ ይሠራል። ላንቃው 1 ዓመት ተኩል ሳይሞላው ቢሠራ ለንግግሩ መልካም ነው። ከንፈር ፊት ላይ ስለሚታይ ቶሎ ይሠራል፤ ላንቃ ስለማይታይ ይረሳል። ልጁ 10 ዓመት ሆኖት ሲመጣ አፉ ውስጥ የተገነባውን ልማድ ማፍረስ ከባድ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። መንተባተብ።

እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፤ ጉዳዬ ስለሆነ።

ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ «አቤት» ማለት ነበረብን። ተራ ቁጥሬ 14 ነበር። 9 ላይ ሲደርስ ልቤ መምታት ይጀምራል። 12... 13... ስሜ ይጠራል። «አ» አፌ ላይ ተገትራ ትቀራለች። አስተማሪያችን ቀና ሳይል ያልፈኛል። ቦታዬ ላይ ተቀምጬ ስንት ቀን «ቀሪ» ተብያለሁ። ታክሲ ላይ ደግሞ «ወራጅ አለ» ማለት አለ። እናንተ ሳታስቡት ነው የምትሉት። እኔ ስንቱን ፌርማታ እያየሁት እንዳለፍኩ ልቁጠረው? «ወ» እስክትወጣ ሌላ ሰው «ወራጅ!» ይላል፤ እኔም በሱ ወራጅ ዘልዬ እወርዳለሁ፣ ሰፈሬ ባይሆንም።

የሚገርመው ግን ይኼ ነው። ከሰው ጋር አብሬ «አባታችን ሆይ» ስል አንድም ቦታ አይይዘኝም። ስዘምር አይይዘኝም። ድመቴን ሳናግር አይይዘኝም። ምላሴ ያው ምላስ ነው። ጥፋቱ የእሱ ቢሆን ኖሮ ጸሎት ላይም ይታሰር ነበር።

ታዲያ ከየት ነው? የሚንተባተቡ ሰዎች አንጎል በምርመራ መሣሪያ ሲታይ፣ በግራ በኩል መስማትን፣ ማቀድንና ማንቀሳቀስን የሚያገናኙት መስመሮች ላይ ትንሽ ልዩነት ይገኛል። ሕመም ወይም ቁስል አይደለም። የሚቀጥለው ድምፅ «አሁን!» ተብሎ የሚጀመርበት ሰዓት ይዛነፋል። ከሌላ ሰው ጋር አብረን ስንናገር ሰዓቱን ከውጭ እንበደራለን። ቢያንስ ብዙዎች እንደዚያ ይላሉ፤ እኔም ሲሆን የሚሰማኝ እንደዚያው ነው። ዘርም አለበት። መንትዮች ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ተመራማሪዎች በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ ከመንተባተብ ጋር የሚያያዙ ሦስት ጂኖች አግኝተዋል። የኔ አጎት ይንተባተባል። የአያቴም ወንድም እንዲሁ ነበር ይባላል።

«ውሻ አስደንግጦት ነው» ይባላል። መንተባተብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። አንዳንዴ በአንድ ሳምንት ውስጥ ድንገት ይመጣል። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ደግሞ በየሳምንቱ ይደነግጣል። ውሻ፣ መብራት መጥፋት፣ የጎረቤት ጠብ። ወላጅ ወደ ኋላ ዞሮ ሲፈልግ አንዱን ያገኛል። ፍርሃት መንተባተብን ያባብሳል፣ ከባዶ ግን አይፈጥረውም።

ከ100 ልጆች 5 ያህሉ ወይም ትንሽ በለጥ ያሉት በሆነ ጊዜ ይንተባተባሉ። ከእነሱ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ በራሱ ጊዜ ይተዋቸዋል። አዋቂ ላይ 1 ከመቶ ይቀራል። የማይተዋቸው በአብዛኛው ወንዶች ናቸው፤ አንዲት ሴት ካለች አራት ወንድ አለ። እኔ ከማይተዋቸው ወገን ነኝ። ልጃችሁ ከየትኛው እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ማወቅ አይቻልም። ከ6 ወር በላይ ከቆየ፣ ቤተሰብ ውስጥ ሌላ የሚንተባተብ ካለ፣ ወይም ልጁ ሲናገር ዓይኑን መጨፈንና አንገቱን መስበር ከጀመረ ባለሙያ ይየው። ባለሙያው እዚህ አገር በጣም ጥቂት ነው፤ ወረፋውን አውቀዋለሁ። እስከዚያው እናንተ የምታደርጉት አለ።

«ቀስ በል»፣ «ተንፍስ»፣ «ተረጋጋ» አትበሉት። በቅንነት እንደሆነ ይገባኛል። ልጁ የሚሰማው ግን «አነጋገርህ ልክ አይደለም» የሚለውን ነው። እናንተ ቀስ በሉ። ዓይኑን እያያችሁ ጠብቁ። ስለሚያወራው ነገር መልሱለት፣ ስላወራበት መንገድ ሳይሆን።

የምንለው ነገር ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚያሳይ አንድ አሳፋሪ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1939 አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ ዌንደል ጆንሰን የሚባል ምሁርና አንዲት ተማሪው በ22 የሙት ልጆች ላይ ሙከራ አደረጉ። ጆንሰን ራሱ ተንተባታቢ ነበር፤ መንተባተብን የሚፈጥረው የወላጅ ወቀሳ ነው ብሎ ያምናል። ምንም ችግር የሌለባቸውን 6 ልጆች «እየተንተባተባችሁ ነው፣ ካልተስተካከለ አፋችሁን አትክፈቱ» ብለው ደጋግመው ነገሯቸው። ልጆቹ እውነተኛ ተንተባታቢ አልሆኑም። ሐሳቡ እዚህ ላይ ወደቀ። ግን ዝምተኛ ሆኑ። ማውራት ፈሩ። ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው።

እና መንተባተብን በወቀሳ መፍጠር አይቻልም። ዝምታን ግን ይቻላል። እኔ ክፍል ውስጥ 12 ዓመት እጄን አላወጣሁም። መልሱን ስለማላውቅ አልነበረም።

መምህራን እዚህ አላችሁ አይደል? የሚንተባተበውን ልጅ ከማስነበብ አትተዉት፣ ግን አስቀድማችሁ ለብቻው ጠይቁት። ከጓደኛው ጋር አብሮ ያንብብ። «አቤት» ካቃተው እጁን ያውጣ። ቀላል ነገር ነው።

ወደ ትልልቆቹ ልለፍ። እዚህ ካላችሁት ወላጆች ብዙዎቻችሁ እናትና አባት አላችሁ፤ ደም ግፊት ያለባቸውም ይኖራሉ።

አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጠዋት ቡና ላይ ልጃቸው «እንዴት አደሩ አባባ?» አለቻቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ደህና ነዎት?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» ማንም ምንም አላስተዋለም። ቆይተው ስኳር ሲፈልጉ ጣታቸውን እየጠቆሙ «ያ... ያ...» አሉ። ቃሉ ጠፋ። ስትሮክ ነበር፤ የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣው። ሰዓቱ አልፎ ነበር። የተለማመድናቸው ሰላምታዎች፣ ጸሎቶች፣ ከ1 እስከ 10 መቁጠር፣ ቃላት የሚቀመጡበት ቦታ ሲጎዳ እንኳ ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። የኛ ሰላምታ ደግሞ ረጅም ነው። አንድ ሰው በሱ ብቻ ሩብ ሰዓት ቡና ሊጠጣ ይችላል! ስለዚህ ከሰላምታው ዝለሉና መልሱ ተዘጋጅቶ የማይጠብቅ ነገር ጠይቁ። «ትናንት ማን መጣ?» ፊት አንድ ወገን ከወረደ፣ አንድ እጅ ከደከመ፣ ንግግር ከተምታታ፣ እስኪነጋ አይጠበቅም። የደም መርጋትን የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው።

ንግግር አንጎል ውስጥ ቦታ እንዳለው በደንብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1861 ፓሪስ ላይ ነው። ፖል ብሮካ የሚባል ሐኪም «ታን» ከማለት በቀር ምንም መናገር የማይችል ሰው አገኘ። ስሙ ማነው? ታን። ምን ትፈልጋለህ? ታን፣ ታን። የሚባለውን ይረዳል፣ በእጁ ይመልሳል። ሲሞት ብሮካ አንጎሉን አየው፤ በግራ በኩል፣ ከፊት ለፊት ተጎድቷል። በ1874 ካርል ቬርኒከ የተባለ ጀርመናዊ ደግሞ ተቃራኒውን ጻፈ። እሱ ያየው ሕመምተኛ እንደ ውሃ ያወራል፣ ትርጉም ግን የለውም፤ የሚባለውንም አይረዳም። አንዱ ብርቱካኑን አውቆት ስሙን ያጣል። ሌላው «ብርቱካን» ሲሉት ሎሚ ይሁን ወንበር አይለይም። ሁለቱም ግን አላበዱም። ሁለቱም «ጃጁ» ተብለው ጥግ ይቀመጣሉ።

የድምፅ ነገር አንድ ቃል ብቻ። ከጠዋት እስከ ማታ «መገናኛ መገናኛ መገናኛ!» የሚለውን የታክሲ ረዳት ድምፅ ታውቁታላችሁ። የድምፅ አውታር በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ጊዜ በላይ ይጋጫል፤ እየተጮኸበት ሲከርም እንደ እጅ መዳፍ ያብጣል፣ ይጠጥራል። መምህራንም ያው ናችሁ። ውሃ ጠጡ፣ ለልጆቹ አጨብጭቡላቸው እንጂ አትጩኹ። ጉንፋን ሳይኖር ድምፅ ከሻከረ ሦስትና አራት ሳምንት ካለፈው ጉሮሮ ሐኪም ይየው፤ አንዳንዴ ካንሰር የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ጥያቄ ካለ ብዬ ስቀመጥ አንድ አባት «ልጄ 5 ዓመቱ ነው፣ ‹ራስ›ን ‹ላስ› ይላል» አሉኝ። ጠብቁት አልኳቸው። አንዲት እናት የስልክ ነገር አነሱ፤ ስልክ ያወራል እንጂ አይመልስም፣ ልጅ አፉን የሚፈታው ሲመለስለት ነው ብዬ መለስኩ።

ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። 11 ወይም 12 ዓመት ቢሆነው ነው። ተነሳ። «አ... አ... አ...» አለ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሊጨርስለት አፉን ሲከፍት አየሁና እጄን አነሳሁ። ጠበቅን። ቆየ። ወጣ።

«አንተ አሁን ታክሲ ላይ እንዴት ነው የምትወርደው?»

ከመውረጃዬ አንድ ፌርማታ ቀድሜ መጀመር ነው አልኩት። አንዳንዴ ሳይታሰብ ቶሎ ይወጣልኝና ያለቦታዬ እወርዳለሁ። ያን ቀን በእግሬ እሄዳለሁ።